ወረቀቱ በምን አወቀ?

ነጭ ነጠላው ላይ አልጫ ወጥ ተንጠባጥቦበት የማያውቅ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! እድፉ ቢጫ ነው፤ እርድ ነውና። ታዲያ ነጠላው ሊታጠብ ሳሙና ሲነካው ያ ቢጫ እድፍ ባንድ አፍታ ወደ ቀይ ይለወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው «ምን ጉድ ነው፣ ደም ነው እንዴ?» ብሎ ይደነግጣል። በብዙ ውሃ ሲለቀለቅ ደግሞ ቀዩ ይጠፋና ቢጫው ተመልሶ ይመጣል። እናቶቻችን ይህን ነገር ዘወትር ያዩታል፤ ስም ግን አላወጡለትም። እኛ በቤተ ሙከራ ውስጥ «አመልካች» የምንለው ይኸው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፋችን ስለ አመልካች ወረቀት ነው። ርእሱን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእናንተ ከሠልጣኞች መካከል ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐቤቴ ገጠር ትምህርት ቤቶች የምትሄዱ አላችሁ። ሊትመስ ወረቀቱ ያለቀበት ወይም ጭራሹኑ ያልደረሰበት ክፍል ውስጥ ገብታችሁ «አሲድና ቤዝ» ብላችሁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትጽፉ ምን ይዋጣችሁ? ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ወረቀቱ ኖሮ መምህሩ የማያውቀው ጊዜ ነው። ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ስለሆነ ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

አዲስ መምህር በነበርኩበት ጊዜ በደጋው አገር በአንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። ሎሚ ጨመቅሁና ሰማያዊውን ሊትመስ ነከርሁት፤ ቀላ። የአመድ ውሃ አመጣሁና ቀዩን ነከርሁት፤ ሰማያዊ ሆነ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም ደስ ብሎኝ «አሲድ ሰማያዊውን ቀይ ያደርጋል፣ ቤዝ ቀዩን ሰማያዊ ያደርጋል» እያልሁ ሦስት ጊዜ አስጮኽኋቸው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ወረቀቱ በምን አወቀ?» አለችኝ። እኔም «ኬሚካል ስላለው ነዋ! ቁጭ በይ» አልኋት። ልጆቹ ሳቁ። እሷም ቁጭ አለች፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እጇን ሁለተኛ አላወጣችም።

«ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። እሷ ጠይቃ ነበር፤ መልሱን ያስቀረሁባት እኔ ነኝ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

አሲድና ቤዝ ምንድን ናቸው?

አሲድ ማለት በውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሀይድሮጂን አዮን የሚለቅ ነገር ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ እርጎ፣ የቦካ ሊጥ፣ የሆመጠጠ ጠላ አሲድ አለባቸው። በምላስ ላይ የሚሰማን መኮምጠጥ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ቤዝ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሀይድሮጂን አዮንን ይቀበላል፣ ይቀማል። በውሃ የሚሟሟውን ቤዝ አልካሊ እንለዋለን። ያመድ ውሃ፣ የሳሙና ውሃ፣ የኖራ ውሃ አልካሊ ናቸው፤ በጣት መካከል ሲሹት ያሟልጫሉ። ንጹሕ ውሃ ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ ገለልተኛ ነው።

«ታዲያ ቀምሶ መለየት አይቻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይቻልም! የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አሲድ ነው፤ ምላስ ላይ ቢያደርጉት ምላስ አይተርፍም። ያልበረደ ኖራና ጠንካራ ያመድ ውሃም ዓይን ያጠፋሉ። አመልካች ያስፈለገውም ስለዚህ ነው፤ ምላሳችንንና ጣታችንን ትቶ ወረቀት ይቅመስልን ብለን ነው።

የበርኖሱ ምሳሌ

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንመለስ። ወረቀቱ በምን አወቀ?

ወረቀቱማ ምንም አያውቅም። የሚያውቀው በላዩ የተቀባው ቀለም ነው። የቀለሙ ሞለኪውል ራሱ ደካማ አሲድ ነው፤ አንድ ሀይድሮጂን ሊይዝም ሊለቅም ይችላል። ሲይዝ ብርሃንን የሚውጥበት መንገድ አንድ ዓይነት ነው፤ ሲለቅ ደግሞ ሌላ ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ ለዓይናችን ሁለት የተለያየ ቀለም ሆኖ ይታያል።

በምሳሌ እናስረዳው። አንድ መንዜ በርኖሱን ደርቦ ከመሐል ሜዳ ተነስቶ ወደ ጀማ ቆላ ይወርዳል እንበል። ደጋው ላይ ሳለ ብርዱ ስለሚያስገድደው በርኖሱን አይለቅም። ቆላው ሲደርስ ሙቀቱ ያስወልቀዋል። ተመልሶ ሲወጣ መልሶ ይደርባል። እንግዲህ እኛ መንገዱን ሳናይ ሰውየውን ብቻ ብናይ፣ በርኖስ ለብሶ ከሆነ ደጋ ላይ ነው፣ አውልቆ ከሆነ ቆላ ወርዷል ብለን መናገር እንችላለን።

ሊትመስም እንደዚሁ ነው። አሲድ ውስጥ ሀይድሮጂን አዮን ሞልቷል፤ ቀለሙ ሀይድሮጂኑን «ይደርባል»፤ ቀይ ይሆናል። ቤዝ ውስጥ ሀይድሮጂኑ ይወሰድበታል፤ ቀለሙ «ያወልቃል»፤ ሰማያዊ ይሆናል። ደግሞም ሰውየው እንደሚመለስ ሁሉ ቀለሙም ይመለሳል። በሎሚ የቀላውን ወረቀት ያመድ ውሃ ውስጥ ብንነክረው ሰማያዊ ይሆናል፤ መልሰን ሎሚ ብናደርግበት ይቀላል። የነጠላው እድፍ በሳሙና ቀልቶ በውሃ ብዛት ቢጫ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ሰው ሁሉ በርኖሱን እኩል ቦታ ላይ አያወልቅም። አንዱ ገና ቁልቁለቱን ሲጀምር ይሞቀዋል፤ ሌላው ወንዙ ድረስ ይዞት ይወርዳል። አመልካቾችም እንዲሁ ይለያያሉ። ይህን ለመረዳት መለኪያውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከቢራ ፋብሪካ የወጣው መለኪያ

የአበባ ቀለም በአሲድና በአልካሊ እንደሚለወጥ በጽሑፍ ካሰፈሩት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ ሮበርት ቦይል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1664 ስለ ቀለማት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከሰማያዊ አበባ የተሠራ ሽሮፕ በአሲድ ቀይ፣ በአልካሊ አረንጓዴ እንደሚሆን ገልጿል። ሊትመስ ራሱ የሚወጣው ላይከን ከሚባሉት ነገሮች ነው። ላይከን ማለት በድንጋይና በዛፍ ላይ እንደ ሽበት ተለጥፎ የምናየው ነው። ለሊትመስ የሚሆነው ዓይነት በባሕር ዳርቻ ዓለቶች ላይ የሚበቅል ስለሆነ፣ ከጓሳ ድንጋይ ላይ ፍቃችሁ አምጥታችሁ «ለምን እምቢ አለ» እንዳትሉ አደራ።

ቁጥሩ የመጣው ግን ቆይቶ ነው። በ1909 ሶረንሰን የሚባል የዴንማርክ ኬሚስት በኮፐንሀገን ከተማ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ሲሠራ ፒ ኤች የሚባለውን መለኪያ አወጣ። ቢራም ሆነ ጠላ የሚሠራው በመብላላት ነው፤ የመብላላቱ ሥራ ደግሞ በአሲዱ መጠን ይወሰናል። በመለኪያው 7 ገለልተኛ ነው። ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ አልካሊ ነው።

ለምሳሌ ያህል የሎሚ ጭማቂ 2 ተኩል ገደማ፣ ኮምጣጤ 3 ገደማ፣ በደንብ የቦካ የጤፍ ሊጥ ከ3 ተኩል እስከ 4፣ እርጎ 4 ተኩል ገደማ፣ ትኩስ ወተት ከ6 ተኩል ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ከ7 ወዲያ ሲወጣ ደግሞ የቤኪንግ ሶዳ ብጥብጥ 8 ከምናምን፣ የሳሙና ውሃ ከ9 እስከ 10፣ የኖራ ውሃ ከ12 በላይ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሠልጣኞች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ነገር አለ። አንድ ቁጥር ወረደ ማለት አሲድነቱ በ10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው፤ ሁለት ቁጥር ሲሆን 100 እጥፍ ነው። ስለዚህ ወተቱ እርጎ ሲሆን ቁጥሩ የቀነሰው በሁለት ገደማ ቢሆንም፣ የሀይድሮጂን አዮኑ ከ100 እጥፍ በላይ ጨምሯል። ቁጥሩን እንደ ተራ ሜትር እንዳትቆጥሩት።

ሊትመስ ቀለሙን የሚለውጠው ከ5 እስከ 8 ባለው ክልል ነው፤ መካከሉ ላይ ወይን ጠጅ ይሆናል። ሜቲል ኦሬንጅ የሚባለው ከ3 እስከ 4 ተኩል ባለው፣ ፌኖልፍታሊን ከ8 በላይ፣ የኛው እርድም ከ7 ተኩል ወዲያ ይለወጣሉ። ልዩ ልዩ አመልካቾች ተደባልቀው አንድ ወረቀት ላይ ሲቀቡ ከቀይ እስከ ወይን ጠጅ በየደረጃው የሚለወጥ ወረቀት ይገኛል። ሁለገብ አመልካች የሚባለው ይህ ነው። ሊትመስ «አሲድ ነው ወይስ ቤዝ?» ለሚለው ይመልሳል፤ ሁለገቡ «ምን ያህል?» ለሚለውም በግምት ይመልሳል።

ከጓዳ የሚሠራ አመልካች

ሊትመስ የለም ብሎ ትምህርቱን መዝለል ለመምህር አይገባም። አሠራሩ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ ብርጭቆ አልኮል ወይም አረቄ በጥብጡ። የእርድ ቀለም በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ በአልኮል ግን ይሟሟል። አረቄው ከእሳት ይራቅ፤ ቀሪውም ለሙከራ ብቻ እንዲውል መምህሩ ይቆጣጠር!

ሁለተኛ፣ ንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ ለምሳሌ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ፣ ሳሙናው ጨርሶ እስኪወጣ ለቅልቃችሁ አድርቁ። በብጥብጡ ውስጥ ነክራችሁ በጥላ አድርቁትና በጣት ስፋት ቆራርጡት። የደብተር ወረቀት የማልመክራችሁ፣ አንዳንዱ እንዲነጣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ስለሚገባበት ራሱ ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል ነው።

ሦስተኛ፣ ቢጫውን ቁራጭ ያመድ ውሃ አስነኩት፤ ይቀላል። ይህ የቤዝ ምርመራ ነው። ቢጫው በሎሚም በንጹሕ ውሃም ቢጫ እንደሆነ ስለሚቀር አሲድን ለይቶ አያሳይም። መላው ቀላል ነው። አንዳንዱን ቁራጭ ቀጭን የቤኪንግ ሶዳ ብጥብጥ ውስጥ ነክራችሁ አቅልታችሁ አድርቁ። ይህ ቀይ ቁራጭ አሲድ ሲነካው ወዲያው ቢጫ ይሆናል። ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ ቁራጭ ተራ ውሃ አስነክታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ያለ ማነጻጸሪያ ሙከራ የለም።

ቀይ ስርን ብዙ ሰው ይሞክረዋል፤ ነገር ግን ቀለሙ በአሲድና በገለልተኛ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይለያይም፤ ጠንካራ አልካሊ ሲያገኘው ነው ቢጫ የሚሆነው። በከተማ ገበያ የሚገኘው ወይን ጠጅማ ጥቅል ጎመን ግን እጅግ ጥሩ ነው። ተከትፎ ተቀቅሎ ውሃው ሲጠለል በአሲድ ቀይ፣ በአልካሊ አረንጓዴ ይሆናል።

ወረቀቱ የሚያሳስትባቸው ቦታዎች

ደረቅ ወረቀት በደረቅ ነገር ላይ አይሠራም፤ አሲድነትና ቤዝነት በውሃ ውስጥ የሚገለጥ ነገር ነውና። ደረቅ ሳሙና ላይ ወረቀት ቢያሹ ለውጥ አይታይም፤ ውሃ ጠብ ሲል ነው የሚለወጠው።

በረኪና ወረቀቱን ያነጣዋል። ይህ የማመልከት ሳይሆን ቀለሙን የማጥፋት ሥራ ነው፤ የነጣው ወረቀት አይመለስም። በረኪናን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር ከቶ አትደባልቁ፤ ሳንባ የሚያቃጥል መርዛም የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

አረፋም ምስክር አይሆንም። እንዶድ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፤ አረፋው የሚመጣው ግን ሳፖኒን ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው። አረፋ ያየ ሁሉ «ይሄ አልካሊ ነው» ቢል ፍርዱ ችኩል ነው።

የዝናብ ውሃም ፍጹም ገለልተኛ አይደለም። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያሟሟ ፒ ኤቹ ወደ 5.6 ይወርዳል። ይህችን ነገር ባለማወቄ ሌላ ጥፋት አጥፍቻለሁ።

የገብሱ ማሳ

በዚያው በደጋው አገር ሳለሁ ልጃቸውን የማስተምርላቸው አንድ አባት መጡ። «የኔ ልጅ፣ ሕፃኑ ወረቀት ነክሮ ሁሉን የሚያውቅ መምህር አለን ይላል። ገብሴ ከዓመት ዓመት እየቀጨጨብኝ ነው፤ እስቲ መሬቴን እይልኝ» አሉኝ። ኮራሁ። ከማሳው ጭቃ ዘግኜ በዝናብ ውሃ በጥብጬ ሰማያዊውን ወረቀት ነከርሁ። ወደ ወይን ጠጅ ያዘነበለ መሰለኝ። «አባባ፣ መሬትዎ አሲድ ሆኗል፤ ኖራ ይፈልጋል» አልኋቸው።

ሰውየው ለኖራ ብለው በግ ሊሸጡ ተነሡ። ደግነቱ አስቀድመው የግብርና ባለሙያ አማከሩ። ባለሙያው መጥቶ ጉድጓድ አስቆፈረና ከታች ውሃ የተኛበትን ጥቁር አፈር አሳያቸው። የገብሱ ሥር የታፈነው በውሃ ነበር። የውሃ መውረጃ ቦይ አወጡ፤ በጉ ተረፈ። ሲያገኙኝ እየሳቁ «ወረቀትህ የዝናቡን ነገር ነግሮሃል፤ የመሬቴን አልነገረህም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በዝናብ ውሃ የበጠበጥሁትን ጭቃ ይዤ የማን አሲድነት እንደሆነ ሳላጣራ ፈረድሁ።

ይህን ስል የአፈር አሲዳማነት ቀላል ነገር ነው ማለቴ አይደለም። ከአገራችን የሚታረስ መሬት 43 በመቶ ያህሉ የዚህ ችግር ሰለባ እንደሆነ በተደጋጋሚ ተገልጿል፤ ይልቁንም ዝናብ የሚበዛባቸው የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ደጋዎች፣ በክልላችንም ጎጃምና አዊ ይጠቀሳሉ። ብዙ ዝናብ ካልሲየምንና መሰሎቹን አጥቦ ይወስዳል፤ በቦታቸው ሀይድሮጂንና አሉሚኒየም ይቀራሉ። ፒ ኤች ከ5 ተኩል ሲወርድ አሉሚኒየም በአፈር ውሃ ውስጥ እየሟሟ ሥርን ያደናቅፋል፤ ፎስፈረስም ተይዞ ለተክሉ አይደርስም። ገብስ ይህን ከማይችሉት ሰብሎች አንዱ ነው። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ካርቦኔቱ ሀይድሮጂኑን ይዞ ወደ ውሃና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። በየጓሮው አመድ የሚደፋበት መሬት የተሻለ የሚያበቅልበት አንዱ ምክንያትም አመድ አልካሊ በመሆኑ ነው።

ግን ገብስ የሚቀጭጨው በአሲድ ብቻ አይደለም። ውርጭ አለ፣ የተኛ ውሃ አለ፣ የታጠበ ስስ አፈር አለ። ስንት ኩንታል ኖራ ይግባ የሚለውንም ወረቀት አይመልሰውም፤ አብዛኛው አሲድ በአፈሩ ቅንጣት ላይ ተጣብቆ የሚኖር ስለሆነ በውሃ ብጥብጥ ውስጥ የሚታየው ጥቂቱ ነው። ኖራ ያለ መጠን ቢበዛም ይጎዳል። ስለዚህ ለገበሬ «ኖራ ግዛ» ከማለት በፊት «አፈርህን አስመርምር» ማለት ይቀድማል። መምህር በገጠር የሚታመን ሰው ነው፤ አንድ ቃሉ የአንድ በግ ዋጋ አለው።

ድንጋዩም ይመልሳል

ለማጠቃለያ አንድ ሙከራ ልጨምር። የመንዝ ደጋ ድንጋይ በአብዛኛው ጥቁር ባዝልት ነው። ወደ መርሐቤቴ ወርዳችሁ የጀማን ሸለቆ ያያችሁ እንደሆነ ግን ከባዝልቱ በታች የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ተደራርቦ ታያላችሁ። ሁለቱንም ዓይነት ሰብራችሁ፣ ትንሽ ፈጭታችሁ፣ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጉባቸው። የኖራው ድንጋይ ይንቻረራል፤ ባዝልቱ ዝም ይላል። የሚወጣው አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። መሬት ውስጥ ኖራ አሲድን የሚያበርደው በዚሁ መንገድ ነው። የኖራ ድንጋይ የራቀው ሰው የእንቁላል ቅርፊት ይጠቀም፤ እሱም ካልሲየም ካርቦኔት ነው።

እንግዲህ ሠልጣኞች፣ ክፍል ስትገቡ ሎሚውንና አመዱን ይዛችሁ ግቡ፤ ልጆቹም ከቤታቸው ያምጡ። ቀለሙ ከመለወጡ በፊት «ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከተለወጠ በኋላ «ለምን ይመስላችኋል?» በሉ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ በምን አወቀ?» ካለቻችሁ ደግሞ ቁጭ አታድርጓት። የበርኖሱን ነገር ንገሯት። የማታውቁት ከሆነም «አላወቅሁም፤ ነገ አጣርቼ እነግርሻለሁ» በሉ። ነገም ሳትረሱ ንገሯት።